ስለ ሰባ ውሻና በልክ ስለ መስጠት

ልጆች ሆይ፤ ክፉ ሰው እንስሳን በረሃብና በዱላ እንደሚጎዳ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ደግ ሰውም በደግነቱ እንስሳን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የዱላ ጉዳት በውጭ ይታያል፤ የተመታውም ይጮሃል። የጉርሻ ጉዳት ግን ከቆዳ በታች ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ የሚጎዳውም ጅራቱን እየቈላ ይቀበለዋል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን በፍቅር ስለ ተጎዳ፥ በፍቅርም ስለ ዳነ አንድ ውሻ እናነባለን።

በአዲስ አበባ ከተማ ዳር በሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ዘንድ አንበሴ የሚባል ውሻ ነበረ። ቡችላ ሳለ የቤቱ ልጅ በካፖርቱ ሸፍኖ አምጥቶት ነበርና የልጁ ውሻ ይባል ነበር። ባደገም ጊዜ ደረቱ ሰፊ፥ ወገቡ ቀጭን፥ ሩጫው ፈጣን ሆነ። ሌሊት ጅብ ወደ አጥሩ ሲቀርብ ግቢውን እየዞረ ይጮህ ነበር። ቀን ደግሞ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የእግሩን ኮቴ ከሩቅ ለይቶ በበሩ ላይ ይዘል ነበር።

ይህን ውሻ ሁሉ ወደደው፤ የወደደውም ሁሉ አበላው። እናቲቱ ከምሳ የተረፈውን እንጀራ ትሰጠው ነበር። አባትየው ከሥጋ ቤት ሲመለስ ሞራ ያመጣለት ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ ከስልቻው ዳቦ እየቈረሰ ያካፍለው ነበር። አያቲቱ ቡና በተፈላ ቍጥር ከቍርሱ ይወረውሩለት ነበር። ልጁም ማታ ማታ ከራቱ እየቀነሰ በጠረጴዛ ሥር ያጎርሰው ነበር። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ስንኳ ብዙ የሚሰጥ አልነበረም። እያንዳንዱ «እኔ የሰጠሁት ጥቂት ነው» ይል ነበር፤ እውነቱንም ነበር።

አምስት ዓመት በሞላው ጊዜ አንበሴ ስሙ ብቻ አንበሳ ሆኖ ቀረ። ወገቡ ከደረቱ ጋር ተካከለ፤ ሆዱም ወደ ታች ወረደ። ደረጃውን ለመውጣት ሁለት ጊዜ ያርፍ ጀመር። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣም ከተኛበት ሳይነሣ ጅራቱን ብቻ ያነቃንቅ ነበር። ቤተ ሰቡም እየሳቁ፥ «እንደ ጌታ ሰውነቱ ሞላ» ይሉት ነበር።

አንድ ሌሊት ጅብ ከአጥሩ ሥር ጮኸ። አንበሴ ተነሥቶ ጥቂት እንደ ሮጠ በግቢው መካከል ወደቀ። ልጁ መብራት ይዞ በወጣ ጊዜ አፉን ከፍቶ፥ ምላሱን አውጥቶ፥ ትንፋሽ አጥሮት አገኘው። ልጁም አጠገቡ ተቀምጦ፥ «የሚሞት ነው» ብሎ አለቀሰ። ሊነጋጋ ሲል ውሻው በረታ፤ በማለዳም አባትየው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደው፤ ልጁም ተከተለው።

ሐኪሙ ውሻውን በሚዛን ላይ ቢያወጣው 26 ኪሎ ሆነ። የአጥንቱንም አወቃቀር መርምሮ፥ «ለዚህ ውሻ የሚገባው 20 ኪሎ ነው» አለ። ከዚህ በኋላ ልጁን ጠርቶ ያለ ሚዛን መለየትን አስተማረው። «እጅህን ዘርጋና የእጅህን ጀርባ በሌላው እጅህ ጣት ዳስስ፤ አጥንቱ ከቀጭን ቆዳ በታች ይታወቅሃል። የደኅና ውሻ የጎን አጥንት ሲዳሰስ እንዲህ ነው። አሁን እጅህን ጨብጥና የጣቶችህን አንጓ ዳስስ፤ የከሳ ውሻ እንዲህ ነው። አሁን ደግሞ መዳፍህን ከአውራ ጣትህ ሥር ካለው ሥጋ ላይ ዳስስ፤ የሰባ ውሻ እንዲህ ነው» አለው። ልጁም የአንበሴን ጎን ቢዳስስ እንደ መዳፉ ሆኖ አገኘው፤ አጥንቱን በብርቱ ካልተጫነ በቀር አላገኘውም።

ሐኪሙ ቀጥሎ እንዲህ አለ። «ደኅና ውሻ ከላይ ሲያዩት ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ገባ ይላል፤ ከጎን ሲያዩት ሆዱ ወደ ኋላ እግሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። እኛ ሐኪሞች የውሻን አካል ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ እንለካለን። 1 እጅግ የከሳ ነው፤ 9 እጅግ የሰባ ነው፤ 4ና 5 መልካም ናቸው። ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ከተገቢው ክብደት 10 በመቶ ያህል ትርፍ ነው። የእናንተ ውሻ በ8ኛው ደረጃ ላይ ነው። ለመሆኑ የሚያበላው ማን ነው?»

አባትየውም፥ «ሁላችንም ነን፤ ነገር ግን እያንዳንዳችን የምንሰጠው ጥቂት ነው» አለ።

ሐኪሙም፥ «እያንዳንዳችሁ ጥቂት ሰጣችሁ፤ እርሱ ግን የሁላችሁን በላ» ብሎ መለሰ።

ከዚያም ስቡ የሚያደርሰውን ጉዳት አስረዳቸው። ትርፍ ክብደት የእግርን መገጣጠሚያ ያደክማል፥ ሕመምንም ያመጣል። የታመመ መገጣጠሚያ ያለው ውሻ አይሮጥም፤ ስላልሮጠም ይልቁን ይሰባል። ደግሞም ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አልቦ አይበርድም፤ ትኵሳቱን የሚያወጣው ይልቁን በማለከለክ ነው። ስብ በደረቱና በአንገቱ ዙሪያ ሲከማች ይህ ማለከለክ ይከብደዋል። በዚያች ሌሊት የወደቀውም ስለዚህ ነው።

«ውፍረት ሁሉ ግን ከመብል ብቻ አይመጣም» አለ ሐኪሙ። «የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ሲያጓድል፥ ወይም ሌላ የዕጢ ሕመም ሲኖር፥ ውሻ ጥቂት በልቶም ይወፍራል። የተኮላሸ ውሻም ከቀድሞው ያነሰ መብል ይበቃዋል። ስለዚህ ያለ ምርመራ ምግብ መቀነስ አይገባም።» ይህን ብሎ ጥቂት ደም ወሰደ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ የደሙን ውጤት ይዞ ወደ ቤታቸው መጣ። በውሻው ደም ሕመም አልተገኘም ነበርና፥ «እንግዲህ መድኃኒቱ በእናንተ እጅ ነው፤ ምግቡ ተሰፍሮ ይሰጠው» አለ።

በዚያን ጊዜ አያቲቱ ስኒያቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ። «ልጄ፤ እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ያየሁ ነኝ። በዚያ ዘመን የሰው እጅ እጅ ያይ የነበረ የሕፃን ዓይን እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም። ዛሬ እህል ሞልቶ ሳለ፥ በደጄ ያለ ፍጥረት እጄን እያየ፥ ስለ ምን እከለክለዋለሁ? ይህ ነውር አይደለምን?»

በቤቱ ያሉት ሁሉ ዝም አሉ፤ ሴትዮዋ የተናገሩት ከእውነተኛ ኀዘን ነበርና።

ሐኪሙም በአክብሮት እንዲህ ሲል መለሰ። «እማማ፤ እርስዎ ያዩት እውነተኛ ረሃብ ነው፤ የተራበን መከልከልም በእውነት ነውር ነው። ነገር ግን የተራበ ውሻና የለመደ ውሻ በዓይናቸው አይለዩም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ሊቃውንት ላብራዶር በሚባሉት ውሾች ዘንድ ከአራቱ በአንዱ ያህል በዘር የሚወረስ ጉድለት አገኙ። ይህ ጉድለት ያለበት ውሻ ለመብል ያለው ፍላጎት ከሌላው ይበረታል፤ ከባለቤቱም አብዝቶ ይለምናል። አንበሴ ላብራዶር አይደለም፤ ነገር ግን ዓይን ብቻውን ምስክር እንዳይሆን ከዚህ እንማራለን።

«ሌላም ልንገርዎ። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ቡችሎችን ከአንድ ሆድ የተወለዱትን ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሩና ዕድሜያቸውን ሙሉ ተመለከቷቸው። ከሁለቱ አንዱ ብዙ በላ፤ ወንድሙ ግን እርሱ ከበላው ሩብ ተቀንሶለት በላ። ነገሩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ታተመ። ብዙ ከበሉት እኩሌቶቹ 11.2 ዓመት ሲሆናቸው ሞተው ነበር፤ በልክ ከበሉት ግን እኩሌቶቹ እስከ 13 ዓመት ኖሩ። የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ያዛቸው። እንግዲህ ያ ሩብ ለውሻው ጉርሻ ሳይሆን ከዕድሜው የሚቈረስ ነበረ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። በዚያ በክፉ ዘመን የደረሰዎትን እህል እንዴት አድርገው አቈዩት?»

አያቲቱም ጥቂት አሰቡና፥ «በጣሳ እየሰፈርሁ ነው። ማለዳ እሰፍር ነበር፥ ማታም እሰፍር ነበር። ለሚያለቅሰው አብዝቼ ዝም ላለው አላሳነስሁም። ባልሰፍር ኖሮ ልጆቼን ባላተረፍሁ ነበር» አሉ።

ሐኪሙም፥ «እንግዲያስ መስፈር ንፍገት እንዳይደለ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ያን ጊዜ ጣሳው ከማጣት አዳነ፤ ዛሬም ከመብዛት ያድናል። የአንበሴን ጣሳ የሚይዝ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ እርስዎ ይሁኑ» አለ። አያቲቱም እሺ አሉ።

ከዚህ በኋላ ሐኪሙ የአመጋገቡን ሥርዓት በደብተር ላይ ጻፈላቸው፤ እርሱም እንዲህ ነው።

ፊተኛው፥ የቀን ድርሻውን ማወቅ ነው። ምግብ ለአካል የሚሰጠው ኀይል በካሎሪ ይቈጠራል። ክብደቱ 20 ኪሎ እንዲሆን ለሚፈለግ ውሻ ክብደቱን ለመቀነስ በቀን 660 ካሎሪ ያህል ይበቃዋል፤ ሐኪምም እንደ ውሻው ሁኔታ ያስተካክለዋል። አንድ ግራም ንጹሕ ስብ 9 ካሎሪ አለው። እንግዲህ አባትየው «ጥቂት ሞራ» የሚለው 100 ግራም ቢሆን ወደ 900 ካሎሪ ነው፤ ይህ ብቻውን ከውሻው የቀን ድርሻ ይበልጣል።

ሁለተኛው፥ የምግቡ ዓይነት ነው። የቤት ፍርፋሪን መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ ውሻው ለሥጋውና ለአጥንቱ የሚያስፈልገውን ያጣልና። ስለዚህ ለውሻ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ተገዛ፤ በከረጢቱም ላይ 100 ግራሙ 300 ካሎሪ እንዳለው ተጽፎ ነበር። ከእርሱም ማለዳ 100 ግራም፥ ማታም 100 ግራም በሚዛን ተለክቶ እንዲሰጠው ሆነ። ይህን ለመግዛት የማይችል ሰው ቢኖር በቤት የሚበስለውን ምግብ በሐኪም ምክር ያስመጥን።

ሦስተኛው፥ ጉርሻ ከቀን ድርሻው ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ነው። ይህም ለአንበሴ 60 ካሎሪ ያህል ነው። 25 ግራም የማይሞላ ቍራሽ ዳቦ ይህን ይጨርሰዋል፤ በካሮት ቢሆን ግን ወደ 150 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ በትንንሹ የተከተፈ ካሮት በአንድ ሳሕን ተቀመጠ፤ ሊሰጠው የሚወድ ሁሉ ከዚያ ብቻ እንዲወስድ፥ ሳሕኑ ባዶ ሲሆንም እስከ ነገ እንዲቈይ ታዘዘ።

አራተኛው፥ ፈጽሞ የማይሰጠውን ማወቅ ነው። ሽንኩርት፥ ቀዩም ነጩም፥ ጥሬውም የበሰለውም፥ የውሻን ደም ይጎዳል፤ ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ለውሻ አይገባም። ዘቢብና የወይን ፍሬ ኵላሊትን ይጎዳሉ፤ ቸኮላታም መርዝ ይሆንበታል። የበሰለ አጥንት፥ ይልቁንም የዶሮ አጥንት፥ ተሰንጥቆ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል።

አምስተኛው፥ መንሸራሸር ነው። ያን ያህል የሰባውን ውሻ በአንድ ቀን ማስሮጥ መግደል ነው። በፊተኛው ሳምንት ማለዳና ማታ፥ ፀሐይ ሳይበረታ፥ አሥር አሥር ደቂቃ በእርጋታ እንዲሄድ ሆነ፤ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት ተጨመረ። ከመውጣቱም በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱ ታደሰለት፤ በአንገቱም ማሰሪያ ተደረገለት።

ስድስተኛው፥ በየሳምንቱ መመዘን ነው። አባትየው ውሻውን ታቅፎ በሚዛን ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎም ብቻውን ይቆማል፤ ልጁም ሁለተኛውን ከፊተኛው ቀንሶ በደብተሩ ይጽፋል። ሐኪሙ፥ «በሳምንት ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅ ቢቀንስ መልካም ነው፤ ከዚህ አብልጣችሁ አትቸኵሉ» ብሎ ነበር። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ በችኰላ የከሳ ውሻ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣልና።

አያቲቱም ይህ ሁሉ በተነበበ ጊዜ፥ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛም ካላበርን ይህን አንበሳ አናስረውም» አሉ፤ ሁሉም ሳቁ፥ ቃልም ገቡ።

በፊተኛው ሳምንት ክብደቱ 300 ግራም ቀነሰ፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። አንበሴ ግን በራት ጊዜ በልጁ እግር ላይ ራሱን አድርጎ ወደ ላይ ያይ ነበር፤ ሌሊትም በመስኮቱ ሥር ያላዝን ነበር። ልጁ ሊታገሥ አልቻለም። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ማንም ሳያይ ዳቦ ሰጠው፤ በልቡም፥ «ጥቂት ነው» ይል ነበር።

የመመዘኛው ቀን በደረሰ ጊዜ ክብደቱ 200 ግራም ጨምሮ ተገኘ። አባትየውም ተቈጥቶ፥ «ሌሊት ከእርሱ ጋር የሚያድረው ዘበኛው ነው፤ ቃሉን ያፈረሰ እርሱ ነው» አለ። ዘበኛውም ተጠርቶ መጣ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፥ «ጌታዬ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ፍርፋሪ አልሰጠሁትም» ብሎ አቀረቀረ። የሚያምነው ግን አልነበረም።

ልጁ ደብተሩን እንደ ያዘ ቆሞ ነበር። ዝም ቢል ምስጢሩ ይሸፈንለታል፤ ነገር ግን ምንም ያላደረጉት ሽማግሌ በእርሱ ፈንታ ያፍራሉ። ስለዚህ ፊቱ እየቀላ፥ «አባባ፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ወደ ዘበኛውም ሄዶ፥ «አባቴ፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። አባትየውም በችኰላ ስለ መፍረዱ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያም ልጁን፥ «ሚዛን አያዳላም፤ አንተ ግን ከሚዛኑ ቀድመህ እውነቱን ብትናገር ይሻል ነበር» አለው።

አያቲቱ ግን ልጁን ለብቻው ጠርተው፥ «እኔም እንዳንተ ልቤ ይራራል። ሲለምንህ ዳቦ ስጠው የሚልህን ልብ አትግደለው፤ ሌላ ሥራ ስጠው እንጂ» አሉት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አንበሴ ሲያላዝን ልጁ ወጥቶ ጠጕሩን ያበጥርለት ወይም በግቢው አንድ ጊዜ አብሮት ይዞር ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ማላዘኑ ተወ።

እንዲህ ሲሆን ሰባት ወር ያህል አለፈ። አንዳንድ ሳምንት ክብደቱ ምንም ሳይቀንስ ይቀር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሐኪሙን ጠየቁ እንጂ ተስፋ አልቈረጡም። በ28ኛው ሳምንት አንበሴ 20 ኪሎ ሆነ። ልጁም ጎኑን ቢዳስስ እንደ እጁ ጀርባ ሆኖ አገኘው። ሐኪሙ ድርሻውን በጥቂት ጨመረለት፥ በየወሩም እንዲመዘን አዘዘ፤ የቀነሰ ክብደት ካልተጠበቀ ይመለሳልና።

በዚያ ክረምት ጅብ ዳግመኛ ከአጥሩ ሥር ጮኸ። አንበሴም ተነሥቶ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ጅቡም እስኪሄድ ድረስ ድምፁ አልደከመም። በማግሥቱ በቡና ሰዓት ወደ አያቲቱ መጣ። በእጃቸው ዳቦ አልነበረም፤ የካሮቱም ሳሕን ባዶ ነበረ። እርሱ ግን ራሱን በጉልበታቸው ላይ አድርጎ ተኛ። አያቲቱም ጆሮውን እያሻሹ፥ «ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል እሰማ ነበር፤ ይህስ ባልበላበትም ይወዳል» አሉ።

ልጆች ሆይ፤ ለምንወደው መስጠት ቀላል ነው፤ የሚጠቅመውን ያህል ሰጥቶ እጅን መመለስ ግን ይከብዳል። ሲለምነን የምንሰጠው ብዙ ጊዜ የራሳችንን ልብ ለማሳረፍ ነው፤ ሰፍረን የምንሰጠው ግን ለእርሱ ዕድሜ ነው። በቤታችሁ ውሻ ቢኖር ዛሬ ጎኑን ዳስሱ። ቢከሳ ጨምሩለት፤ ቢሰባ ስፈሩለት፤ የምትቀንሱትንም ጉርሻ በመንሸራሸርና በመዳበስ ተኩለት።

ጥያቄ።

፩ኛ፤ የውሻን ጎን ዳስሶ የከሳውን፥ ደኅናውንና የሰባውን መለየት እንዴት ይቻላል?

፪ኛ፤ ሐኪሙ «እርሱ ግን የሁላችሁን በላ» ያለው ስለ ምንድር ነው?

፫ኛ፤ አያቲቱ ስለ ምን ተቃወሙ? ጣሳውንስ ለመያዝ ስለ ምን እሺ አሉ?

፬ኛ፤ ልጁ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚጎዳው ማን ነበረ?

፭ኛ፤ 30 ኪሎ የሚመዝን የሰባ ውሻ በሳምንት ከመቶ አንድ እጅ ቢቀንስ በፊተኛው ሳምንት ስንት ግራም ይቀንሳል?